ከሆድ የሚጀምሩ ድራማዎቻችን

በወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ ስለ እርግዝና የሚሠራ ድራማ አይጠፋም። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አንዲት ዘማሪ ልጅ ለትምህርት ከገጠር ወደ ከተማ ትመጣለች። ስልኩን ከእጁ የማያወርድ አንድ ልጅ ይተዋወቃታል። ጓደኛዋ «ምን አለበት፣ አንድ ቀን ብቻ» ትላታለች። መጋረጃው ይዘጋል። ሲከፈት ልጅቷ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ጠቅልላ ታለቅሳለች። አባት ዱላ ያነሣል፤ እናት ደረቷን ትደቃለች፤ መጋቢው ገብቶ ይመክራል፤ ልጅቷ ተንበርክካ ንስሐ ትገባለች። መዝሙር ይከተላል፤ ጉባኤውም ያለቅሳል።

እንባው የውሸት ነው አልልም። ድራማውን የሚሠሩት ወጣቶች ከጥናታቸውና ከእንቅልፋቸው ጊዜ ቀንሰው፣ ከልባቸው የሚያገለግሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ድራማ ለማስተማር ከተሠራ «ምን አስተማረ?» ተብሎ መመዘን አለበት። የእኛዎቹ ሲመዘኑ አንድ የጋራ ጉድለት ይታይባቸዋል፦ ከሆድ ይጀምራሉ። ልጅቷን ሊጠብቃት ይችል የነበረው ነገር ሁሉ የሚገኘው መጋረጃው ከመዘጋቱ በፊት ባሉት ወራትና ዓመታት ውስጥ ነው። እኛ ግን እነዚያን በሁለት ደቂቃ አልፈን ለቅሶው ላይ ግማሽ ሰዓት እንቆያለን። በዚህ የተነሣ ተመልካቿ ልጅ ፍርሃት ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ እውቀት ግን አትይዝም።

መጋረጃው የሸፈነው

የደብረ ታቦርን ኑሮ የምታውቁ ይህን ታውቃላችሁ። ከፋርጣ፣ ከጉና ሥር፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት የሚመጡ ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ቤት ይከራያሉ። ቅዳሜ ወደ ቤት ወርደው ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ዕድሜያቸው 15 ወይም 16 ነው። እናት አጠገባቸው የለችም፤ ብትኖርም ስለ ሰውነት ማውራት በቤታችን አልተለመደም። መምህሩ የባዮሎጂውን ምዕራፍ ሲያስተምር ክፍሉ ይስቃል፤ እሱም ቶሎ ያልፈዋል። ታዲያ እነዚህ ልጆች ማንን ይጠይቁ?

ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ጠይቁ ሲባሉ ግን የሚጽፉት ብዙ ነው። «በመጀመሪያው ጊዜ ማርገዝ ይቻላል?» «የወር አበባዬ ገና አልመጣም፤ እኔም ላረግዝ እችላለሁ?» «ወዲያው ከታጠቡ ምንም አይፈጠርም ይባላል፤ እውነት ነው?» «የማልፈልገውን ነገር ቢያደርግብኝ ኃጢአቱ የእኔ ነው?» እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ድራማ እስካሁን አላየሁም። መልሶቹ ግን አጭር ናቸው። በመጀመሪያው ግንኙነት እርግዝና ሊፈጠር ይችላል። እንቁላል የሚለቀቀው ከወር አበባ በፊት ስለሆነ የመጀመሪያ ወር አበባዋን ያላየች ልጅም ልታረግዝ ትችላለች። መታጠብ እርግዝናን አይከለክልም። በኃይል የተደረገባት ልጅ ኃጢአት አልሠራችም፤ በደል ተፈጽሞባታል። ይህ የደረሰባት ልጅ ሳትውል ሳታድር ጤና ተቋም መሄድ አለባት፤ ለምሳሌ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይጠቅምም።

ይህን ሁሉ ከመድረክ በስብከት ማውረድ አያስፈልግም። ሁለት የቤት ተጋሪዎች ምስር እየለቀሙ ቢያወሩት ይበቃል። አንዷ የተሳሳተውን ትናገር፤ ሌላዋ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሰማችውን ትንገራት። ተመልካቹ ይስቃል፤ ይማራልም። የድራማ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አፍረን የማንጠይቀውን ጥያቄ ሌላ ሰው ሲጠይቅልን እንሰማለን።

ከሬዲዮ የምንማረው

በአማርኛ እንዲህ ያለ ሥራ ተሞክሮ ያውቃል። «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተላልፏል። 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ያዘጋጀውም ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ነው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ጠለፋ ጋብቻ ያወሳ ነበር። ከየገጠሩ ወደ አዘጋጆቹ የጎረፉት የአድማጮች ደብዳቤዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። በድራማው ውስጥ ውብዓለም የተባለችው ልጅ ተጠልፋ፣ ኋላ ነጻ ወጥታ፣ የምትወደውን ሰው ስታገባ የሰሙ ሰዎች በየቀዬአቸው ስለ ጠለፋ መከራከር ጀመሩ።

ድርጅቱ የሚከተለው ዘዴ ሜክሲኮአዊው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ዘዴው ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያትን ይጠቀማል። አንዱ መልካሙን መንገድ የያዘ ነው፤ ሌላው ክፉውን። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚዋልል፣ የሚሳሳት፣ የሚጠይቅ፣ ቀስ በቀስም የሚለወጥ ሰው ነው። አድማጩ ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ውስጥ ነው። የእኛ ድራማዎች ይህ ሦስተኛ ሰው የላቸውም። ልጅቷ በመጀመሪያው ትዕይንት ቅድስት ናት፤ በሁለተኛው ወድቃለች። በመካከል አላሰበችም፣ አልፈራችም፣ አልጠየቀችም፣ «እምቢ» ለማለት ሞክራ ቃል አላጣችም። እንዲህ ያለች ልጅ በሕይወት የለችም፤ ስለዚህም ማንም ከእርሷ አይማርም።

በ2005 ዓ.ም ደግሞ «የኛ» የተባለው የሬዲዮ ድራማ በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ መደመጥ ጀመረ። አምስት ልጃገረዶች፣ እሙዬ፣ ለምለም፣ ሜላት፣ ሚሚና ሳራ፣ በሙዚቃ ተገናኝተው ጓደኛሞች ይሆናሉ። ሥራው በውጭ ገንዘብ የተደገፈ ስለነበር ብዙ ተተችቷል፤ የእንግሊዝ መንግሥትም በአገሩ ጋዜጦች ወቀሳ ከበዛበት በኋላ በ2009 ዓ.ም ድጋፉን አቁሟል። ዘፈኑ የእኛ መዝሙር አይደለም፤ ሁሉንም ተቀበሉ ማለቴም አይደለም። ነገር ግን ከአሠራሩ የምንወስደው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ በዚያ ድራማ ውስጥ ልጅቷ ብቻዋን አይደለችም። በእኛ ድራማ ጓደኛ ያላት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ማሳሳት። ጓደኛዋን ማታ ሸኝታ ቤቷ የምታደርስ፣ «አብሬሽ እሄዳለሁ» የምትል ልጅ በመድረካችን ላይ ለምን አትታይም? በየመዘምራኑ ውስጥ እንዲህ ያሉ ጓደኞች እንዳሉ እናውቃለን።

የሬዲዮ ድራማዎቹ የራሳቸው ወሰን አላቸው። ከየቀን ቅኝት የስኬት መለኪያዎች አንዱ ስንት ሰው ወደ ቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት እንደሄደ ነበር። እኛ ከዚህ የሰፋ ነገር እንፈልጋለን፤ ልጃችን ሰውነቷ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ መሆኑን አውቃ፣ ጊዜዋን ጠብቃ፣ በፍቅርና በቃል ኪዳን እንድትኖር። ታዲያ ዓላማችን የሰፋ ከሆነ ድራማችን ከእነርሱ የጠበበ መሆን አልነበረበትም።

ወንዱ የት ሄደ?

የድራማዎቻችን ሁለተኛ ጉድለት ይህ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ትዕይንት ታይቶ ይጠፋል። በመጨረሻው ትዕይንት የምትንበረከከው ልጅቷ ብቻ ናት። ይህ በመድረክ ብቻ ቢቀር ቀላል ነበር። ነገር ግን በጉባኤዎቻችንም እንዲሁ ሲሆን አይተናል፦ ልጅቷ ከአገልግሎት ትታገዳለች፣ ሆዷ ይመሰክርባታልና። ልጁ ግን ሆድ ስለሌለው ወይ እዚያው ያገለግላል ወይ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ በሌላ ጉባኤ ጊታር ይጫወታል።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አይተርክም። ዘፍጥረት 38ን እንደ ሥነ ጽሑፍ አንብቡት። ይሁዳ ምራቱ ትዕማር ማርገዟን ሰምቶ ወጥታ እንድትቃጠል ይፈርዳል። ሆዱ የሚገለጠው ግን ምዕራፉ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ነው። ከዚያ በፊት ተራኪው የይሁዳን ልጆች፣ የተሰጣትን ያልተፈጸመ ተስፋ፣ የይሁዳን የራሱን አካሄድ በተራ በተራ አሳይቶናል። ፍርዱ ሲነገር አንባቢው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። መያዣ የሰጣት ዕቃዎች ሲቀርቡለት ይሁዳ ከእርሱ ይልቅ እርሷ ጻድቅ መሆኗን በአደባባይ ያምናል። ማቴዎስም የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ይህችን ሴት በስሟ ጠርቷታል። ታሪኩ ከሆድ ቢጀምር ኖሮ የምናየው አንዲት ነውረኛ ሴትና አንድ ጻድቅ ዳኛ ብቻ ነበር።

በ2ኛ ሳሙኤል 13 ያለችውን ሌላዋን ትዕማርም አስታውሱ። እዚያ ደፋሪው አምኖን ብቻ አይደለም የሚታየው። ክፉ ምክር የሰጠው ኢዮናዳብ አለ። ሳያውቅ ልጁን ወደ አምኖን ቤት የላካት፣ ኋላም ተቆጥቶ ምንም ያላደረገ አባት፣ ዳዊት አለ። ልጅቷ ራሷ ተከራክራለች፤ በጥበብ ተናግራለች። ተራኪው የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ለይቶ አስቀምጧል።

ምሳሌ ከምዕራፍ 5 እስከ 7ም አባት ስለዚህ ጉዳይ የሚመክረው ልጁን ነው፤ ወንዱን። በ7ኛው ምዕራፍ አንድ ጎረምሳ በምሽት በየትኛው መንገድ እንደሄደ፣ ምን እንደተባለ፣ በምን እንደተታለለ እርምጃ በእርምጃ ያሳየዋል። አባትዬው አልባለገም፤ መጋረጃውንም ቶሎ አልዘጋም። የእኛ ወንዶች ልጆች ይህን ትምህርት ከማን ያገኙታል? አሁን የሚያስተምራቸው ስልካቸው ነው።

ሠርግ የሸፈነው ሆድ

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ የከበደ ነው። በድራማዎቻችን ውስጥ ያረገዘች ልጅ ሁልጊዜ ያላገባች ናት። በደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ስንት የ15 ዓመት ልጅ በሠርግ፣ በእልልታ፣ በሽማግሌ ምርቃት አርግዛለች? ያችን ማንም «በአፍላ ዕድሜዋ አረገዘች» አይላትም፤ «ለወግ ለማዕረግ በቃች» ነው የሚባለው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው የሠርግ ወቅት ሲመጣ ከክፍል የሚጎድሉትን ልጆች መምህራን ያውቋቸዋል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ልጁን ጠልቶ አይደለም። «ቆማ ቀረች» መባልን ይፈራል። ከጋብቻ ውጭ አርግዛ እንዳታዋርደው ይፈራል። መሬትና ዝምድና ያስባል። ማለትም ወላጁም እንደ ድራማችን ሆድን ይፈራል፤ መፍትሔ አድርጎ ያገኘውም ሆዱን በሠርግ መሸፈን ነው። ድራማችን የሚዘራው ፍርሃት ይህንኑ መፍትሔ ያጠናክራል።

ሠርግ ግን የልጅ ዳሌን አያሰፋም። ሰውነቷ በቅጡ ሳያድግ የምታምጥ ልጅ፣ በተለይ ከጤና ተቋም ርቃ ከሆነ፣ ምጡ ቀናት ሊፈጅባት ይችላል። ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ይሞታል፤ እርሷም ፌስቱላ ይዟት ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት ለእነዚህ እናቶች ነው። በእምነታቸው ተነሣሥተው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. እስክታርፍ ድረስ ኑሮዋ እዚሁ ነበር። በባሕር ዳር ያለው የሆስፒታሉ ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእኛን አካባቢ ሴቶች ያክማል። ስለነዚህ ሴቶች አንድም የቤተ ክርስቲያን ድራማ አላየሁም።

በ2008 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች 13 በመቶዎቹ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። በአዲስ አበባ ቁጥሩ 3 በመቶ፣ በአፋር 23 በመቶ ነው። ትምህርት ባላገኙት መካከል ከአገሪቱ አማካይ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሕጉስ ምን ይላል? የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 መሆኑን ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በጽኑ እሥራት ይቀጣል ይላል። ሕጉ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሠርጉም አልቆመም።

ቅርባችን በምዕራብ ጎጃም፣ ባሕር ዳር ዙሪያ ባለችው ሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም በ2004 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ነበር። ልጃገረዶቹ በሴት መሪዎች ሥር በቡድን ተሰበሰቡ፤ ለትምህርት የሚሆን ቁሳቁስ ተሰጣቸው፤ ወላጆችና ሽማግሌዎች በየጊዜው ተወያዩ፤ ሳያገቡ ፕሮግራሙን ለጨረሱት ደግሞ ለቤተሰቡ እንስሳ ተሰጠ። ኋላ በተደረገው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች በትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቦታ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የማግባት ዕድላቸውም እጅግ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ውጤቱ ተገላበጠ፤ ያገቡት በዚያው በፕሮግራሙ ቀበሌ በዙ። ይህ ግምገማ ለድራማ ጸሐፊ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ልጅን የጠበቃት ጓደኛ፣ ትምህርት ቤትና የወላጅ ውይይት በአንድ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ያም ጥበቃ 15 ዓመት ሲሞላት ማብቃት የለበትም። በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በቆዩባቸው ወረዳዎች ደግሞ አንዱ ምሰሶ ወድቋል፤ ሌሎቹን የማቆም ሥራ በእኛም ላይ ነው።

«ማስተማር መቀስቀስ ነው» ለሚሉ

ይህን ሐሳብ ከታላላቆቻችን ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን፤ ከፍቅርና ከጥንቃቄ የመጣ ስለሆነ በአክብሮት መመለስ ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን መርምሮ፣ ስለ ሥነ ተዋልዶ የተማሩ ወጣቶች በመማራቸው ምክንያት ወደ ግንኙነት እንደማይቸኩሉ ገልጿል። ከውጭ በሚመጡ የሥርዓተ ትምህርት ሐሳቦች ሁሉ አንስማማም፤ መስማማትም አይጠበቅብንም። ነገር ግን እኛ የተውነው ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ሌላው ይይዘዋል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ቅድስና የምታስተምረው ስለ ሰውነት ከሚሰጠው እውነተኛ መረጃ ጋር አይጣላም፤ ሰውነትን የፈጠረው ቅድስናን ያዘዘው ጌታ ራሱ ነውና። መኃልየ መኃልይ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ አለ፤ ስለ ፍቅርና ስለ ሰውነት ሳያፍር ይናገራል፤ ፍቅርም ከጊዜው በፊት እንዳይቀሰቀስ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ሁለቱንም በአንድ መጽሐፍ ይዟል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን፤ ጥያቄዋን የደበቀች ልጅም እንዲሁ መልስ አታገኝም።

እንግዲህ ለመጪው ኮንፈረንስ ድራማ የምትጽፉ ወጣቶች፣ ይህን ሞክሩ። ታሪኩን ልጅቷ 12 ዓመቷ ሳለ ጀምሩት። እናትና አባት ማታ ምድጃ ዳር ስለ እርሷ ጋብቻ ሲመካከሩ አሳዩን፤ አባትን ጨካኝ አታድርጉት፣ የሚፈራ አድርጉት። ወንዱን ልጅ እስከ መጨረሻው መድረክ ላይ አቆዩት፤ ወንድሙ ወይም የወጣት መሪው ምን እንደሚለው እንስማ። ጓደኛዋ ደግ ትሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ትዕይንት ይኑራት፤ ቃሏንም ከእውነተኛ ባለሙያ ጠይቃችሁ ጻፉ። ምናልባት በዚህ ድራማ ውስጥ ልጅቷ ከነጭራሹ አታረግዝም፤ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ 11ኛ ታልፋለች። ጉባኤው ላያለቅስ ይችላል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው የ14 ዓመት ልጅ ግን ነገ ሽማግሌ ወደ ቤቷ ቢመጣ ምን እንደምትል፣ ለማን እንደምትናገር፣ ማን አብሯት እንደሚቆም አውቃ ትወጣለች።